ጽዋው የዘለለኝ ዓመት

ዘመነ ማርቆስ ነበር፤ እኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ። ዓመተ ምሕረቱን ከእኔ አትጠብቁ፤ ቁጥር አልይዝም፣ ወንጌላዊው ግን አይጠፋኝም። መሬት በገመድ እየተለካ በነፍስ ወከፍ የሚታደልበት ጊዜ ነው። ያኔ አርብ ገበያ ላይ ሙክት በግ በአሥራ አምስት ብር ይወጣል፣ እንቁላል በአሥር ሳንቲም ሦስት ይሰጡሃል፣ አንድ ብርሌ ጠጅ ስሙኒ ነው። ኮንጎ ጫማ የገዛ ሰው ጭቃ ሲያይ አውልቆ በብብቱ ይይዘዋል። ልብስ ተራው ከትልቁ ወይራ ሥር ነበር። ነጋዴው አያ ሰይድ ያን ጊዜ ጢሙ ገና ያቀመቀመ ጎረምሳ ነው፤ ከአባቱ ጋር አቡጀዲውንና ሻሹን መሬት ላይ ዘርግቶ፣ የተሰፋውን ልብስ ከወይራው ቅርንጫፍ ይሰቅላል። አንድ ባለአራት ኪስ ካኪ ኮት ሦስት ዓርብ ተሰቅሎ ከረመ። ሦስቱንም ዓርብ ሄጄ ዳሰስሁት። «ሃያ ሁለት ብር» አለኝ ሰይድ፣ «ዳስሰህ ዳስሰህ ልታሳሳው ነው እንጂ ልትገዛው አይደለም።» በአራተኛው ዓርብ ያለችኝን ቋጥሬ ስሄድ ኮቱ አበጀ ትከሻ ላይ ነበር። በደረት ኪሱም ሰማያዊ እስክርቢቶ ሰክቶበታል። ዛሬ ወይራው የለም፤ በቦታው የሞባይል ካርድና ቻርጀር የሚሸጥበት የቆርቆሮ ሱቅ ቆሟል። እኔ ግን በዚያ ሳልፍ አሁንም ቀና ብዬ ኮቱን እፈልገዋለሁ።

አበጀ እኩያዬ ነው። አንድ ወር ብቻ ይቀድመኛል፤ ከዚያ ወዲህ ግን በሁሉ ነገር እንደቀደመኝ ኖረ። ሁለታችንንም ድጓ ወደሚማሩበት ደብር፣ ወደ ቤተ ልሔም፣ ለትምህርት ሰደዱን። እኔ ከፊደል ወጥቼ መልእክተ ዮሐንስ ላይ ስንተፋተፍ አባቴ የሚያርስለት አጣና መለሰኝ፤ እሱ ጾመ ድጓ ድረስ ዘለቀ። ቅስና አልተቀበለም፣ ድምፁን ግን ይዞት መጣ። እህል ሲወቃ እሱ ያለበት አውድማ ሰው ሳይጠራ ይሞላል፤ የእኔ አውድማ ላይ ደቦ ለምኜ ነው የማገኝ። የሠርጌ ቀን እንኳ እልልታው የበዛው እኔ ስገባ አይደለም፣ እሱ ማዜም ሲጀምር ነው። ሚስቴ ስመኝ ዓይኗን ሰብራ ተቀምጣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ግጥሙን ከእሱ ጋር ትለው ነበር። አርባ አምስት ዓመት አብረን ኖርን፣ አንድ ቀን ክፉ አላየሁባትም፣ ሰባት ወልዳልኛለች። ያን ከንፈር ግን አልረሳሁላትም። ይኸው እሷም ካረፈች አምስት ዓመቷ፤ አሁንም አልረሳሁትም።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ የቀለም ሽታ ነው። ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ፖሊስ ጣቢያ ተጠርቼ ቃሌን ሰጠሁ። ሲያበቃ ፖሊሱ ወይን ጠጅ ቀለም የጠጣውን ስፖንጅ ገፋልኝና «አባባ፣ አውራ ጣትዎን» አለኝ። እኔ ደግሞ ከዘመነ ማርቆስ ወዲህ ጣቴን ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። ያችን ቀለም ዳግመኛ ላለመንካት ስል ስሜን መጻፍ በስንት መከራ ለምጃለሁ፤ ማዳበሪያ ስወስድም ግብር ስከፍልም እፈርማለሁ እንጂ አልጫንም። «እፈርማለሁ» ብለው «አሻራ ነው የሚያስፈልገው» አለ። ሽታው አፍንጫዬ ገባ። ያው ሽታ ነው፤ አርባ ስንት ዓመት አልፎ አንድም ነገር አልተለወጠም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አበጀ በስተርጅናው ለምርጫ ልወዳደር ብሎ ተነሣ። በፓርቲ አይደለም፣ በግሉ። ምልክቱ ቀንበር ነበር። የሚናገረውም አንድ ነገር ብቻ፦ ወደ ስማዳ የሚወስደው መንገድ ክረምት በገባ ቁጥር ይቆረጣል፤ ወገዳ ገበያ የሄደ ሰው ወንዝ ዳር ያድራል፤ ድልድይ ሳላሠራ አልሞትም ይላል። በግሉ ለሚወዳደር ሰው የደጋፊ ፊርማ ሰብስብ ይባላል። ሰበሰበ። ሲጣራ ከደጋፊዎቹ አሥራ አንዱ ሙታን ሆነው ተገኙ። የአሥራ አንዱም አሻራ የአንድ ሰው አውራ ጣት ነው፤ የራሱ የአበጀ።

ምን ዓይነት ሞኝ ነው ትሉ ይሆናል። የእኛን ማኅበር የማያውቅ ሰው እንዲያ ቢል አልፈርድበትም። እኛ በየወሩ በአሥራ ሁለት የሚካኤልን ጽዋ እንጠጣለን፤ አሥራ ሁለት ቤት ነን፣ ለአንዱ ቤት በዓመት አንድ ተራ። ማኅበርተኛ ሲሞት ልጁ ወይ ሚስቱ በቦታው ይተካል እንጂ የሟቹ ስም አይሰረዝም። ቄሱ ዳቦውን ሲባርኩ የሕያዋኑን ጠርተው የሙታኑን ይጠራሉ፤ ሟቹን የተካው ሰው ደግሞ «አለ» ብሎ ይመልሳል፣ ድርሻውም ይቆረስለታል። እኔም ስለ አባቴ ስለ ካሴ ስንት ዘመን ሙሉ «አለ» ስል ኖሬአለሁ። የማኅበሩን ደብተር የሚጽፈው አበጀ ነው። ሕያዋኑን በየቤታቸው እየዞረ አስፈረመ። ሙታኑን ከደብተሩ እንዳሉ ገለበጣቸውና ጣቱን ጫነላቸው። ለእሱ ይህ ማታለል አልመሰለውም፤ ይህን አውቅለታለሁ። የበላኝ ሌላ ነው። የማኅበሩን ሙታን ሁሉ ደጋፊ ሲያደርግ፣ ሕያዋኑን አንድ በአንድ ሲለምን፣ በሕይወት ቆሜ ያለሁትን እኔን «ፈርምልኝ» ብሎ አልጠየቀኝም። አባቴ ተጠርቶ እኔ ቀረሁ።

ያ አባቴ ደግሞ በወረቀት ላይ ከሞት ሲነሣ ይህ ሁለተኛው ነው። በመጀመሪያ ያስነሣሁት እኔ ነበርሁ። በዘመነ ማርቆስ የሞተው የመሬት ለኪዎቹ ገመድ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። እሱ ከሌለ ከወንዙ ዳር ያለችው ጥቁር አፈር፣ ዕድሜውን ሙሉ የገፋባት፣ ለሌላ ልትሄድ ነው። መዝጋቢዎቹ «ካሴ የታለ?» ሲሉ «አሞት ተኝቷል» አልሁና በስሙ አጠገብ ጣቴን ጫንሁ። ቀብሩ ላይ የነበረው ሕዝብ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። በኋላ ሲጣራ ተያዝሁ፤ ዓመት ከስድስት ወር ተፈረደብኝ። የፈረዱብኝ ቀን ለእኔ ያለቀሰ የለም። ሰው ሳቀ። «ሙት አራሽ» የሚል ስም ወጣልኝ፤ ልጆቼ አድገው ሲጣሉ እንኳ «የሙት አራሽ ልጅ» ይባሉ ነበር። ደብረ ታቦር እስር ቤት በእግር ሁለት ቀን ነው። እሑድ እሑድ ስንቅ የመጣለት ሰው ስሙ ከበሩ ይጠራል። እኔም አንገቴን አስግጌ እሰማለሁ። ከልቤ የምላችሁ፣ ዓመት ከስድስት ወር ሙሉ ስሜ የተጠራው ሦስት ጊዜ ነው፤ ሦስቱንም የመጣችው ስመኝ ናት፣ ሕፃን አዝላ። ጽዋው ተራዬ የነበረው በገባሁ በሁለተኛው ወር ነው። ስፈታ ስመኝ እግሬን እያጠበችኝ «ያን ጊዜ ጽዋውን አበጀ አነሣው፤ ታዲያ…» ብላ ስትጀምር «የዚያን ሰው ስም በቤቴ እንዳልሰማ» አልኋት። እግሬን ማጠቧን ቀጠለች። እኔም ነገሩን እንዲህ ብዬ አስቀመጥሁት፦ ጽዋው ዘለለኝ፣ ተራዬን አበጀ ወሰደው። ኋላ ወደ ማኅበሩ ተመለስሁ፤ ይኸው በመጨረሻ ሙሴም አደረጉኝ፣ የማኅበሩ አዛዥ። ያን ዓመት ግን አንድም ቀን አንሥቼ አልጠየቅሁም።

ወደ አበጀ ነገር ልመለስ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ምስክር ሆኜ ቆምሁ። ዐቃቤ ሕጉ «አባትዎ ካሴ በሕይወት አሉ?» አለኝ። «ሞቷል» አልሁ። «ከሞቱ ስንት ጊዜ ሆናቸው?» «ይህ አዳራሽ ሳይሠራ።» አበጀ ጠበቃ አልያዘም፤ ራሱ ተነሣ። ጠጉሩ ጥጥ ሆኗል፣ ጀርባው ግን እንደ እኔ አልጎበጠም፤ በዚህም ቀናሁበት።

«ፈንቴ» አለኝ፣ «ባለፈው ሚካኤል ቄሱ ‹ካሴ› ብለው ሲጠሩ ምን ብለህ መለስህ?»

«የማኅበር ነገር እዚህ ምን ያገባዋል?»

«ብቻ መልስልኝ።»

«አለ ብዬ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ዳኛው ጠረጴዛ መቱ። «ምስክሩ፣ ታዲያ የትኛው ነው? አሉ ወይስ የሉም?»

«ጌታዬ፣ ለሚካኤል አለ። ለመንግሥት ሞቷል።»

«ፍርድ ቤቱ የሚጠይቅዎ ስለ ሥጋቸው ነው።»

«በሥጋማ አፈር ካለበስሁት ቆየሁ» አልሁ። እውነት ነው የተናገርሁት፤ በሐሰት አልማልሁም። ግን ስለ እውነት ብቻ ብዬ አልነበረም፤ ይህንም አልደብቅም። «ሞቷል» ስል አንደበቴ ጣፍጦት ነበር።

ፍርዱ የተነበበው ኅዳር በባተ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ዓርብ ነው። ገበያው ያለወትሮው ጸጥ አለ። በርበሬ ሻጩ ቁናውን አስቀምጦ፣ ከእስቴ የመጣው ፍየል ነጋዴ ፍየሎቹን ለሰው አደራ ሰጥቶ፣ ሕዝቡ የፍርድ ቤቱን አጥር ከቦ ቆመ። ጥፋተኛ ተባለ፤ ስምንት ወር። እኔ ዓመት ከስድስት ወር ነበር፤ በቅጣቱም ቢሆን ተዳልቶለታል ብዬ አሰብሁ። ሲወጣ ሰው የሚያፍርበት መስሎኝ ነበር። አንገቱን ደፍቶ ሲያልፍ ለማየት ብዬ ነው ከበሩ አጠገብ የቆምሁት። እጁ በካቴና ሆኖ ብቅ ሲል ሴቶቹ እልል አሉ። ለተፈረደበት ሰው እልልታ፤ በዕድሜዬ ሰምቼው አላውቅም። አንዷ ነጠላዋን ታጥቃ ወጣችና እያረገደች እንዲህ አለች፦

የቆመው ከሰሰህ፣ የተኛው መረጠህ፤
አፈር ያልጋረደው ስንት ወዳጅ አለህ።

«የቆመው» ስትል ወደ እኔ ያየ ሰው ብዛት! አንድ ጎልማሳ ስልኩን ወደ ላይ ዘርግቶ «ላይቭ ነው፣ ላይቭ ነው፣ አሳልፉኝ» ይላል። አንዲት አሮጊት ፖሊሱን እጁን ይዛ «ልጄ፣ እናቴን ስም ዝርዝሩ ላይ አላገኘኋትም፤ ስሟ የቀረው ለምንድን ነው? እሷም ብትኖር እሱን ነበር የምትል» ትለዋለች። ሌላው ደግሞ «ስምንት ወር ምን አላት! ስንቁን እኛ በተራ እናደርሳለን» እያለ ቀኑን ሲከፋፍል ሰማሁ። ሰኞ ይህ መንደር፣ ማክሰኞ ያ መንደር። እኔ እሑድ እሑድ ከበሩ ሥር ጆሮዬን አቁሜ የኖርሁት ሰውዬ ይህን ቆሜ አዳመጥሁ። ወደ ቤቴ ስሄድ ደግሞ በየደጁ ቀንበር ተደግፎ አየሁ። ወቅቱ የአጨዳ ነው፣ ቀንበር ሥራ የለውም፤ ለእሱ ሲሉ አውጥተው ነው የገተሩት። እስከ ቤቴ ድረስ አሥራ አራት ቆጠርሁ። አሥራ አራተኛው ከእኔው ደጅ ነበር፤ ምራቴ ናት ያወጣችው። አንሥቼ ወደ ጎተራው ሥር መለስሁት።

በዚያው መንገድ አያ ሰይድ ሱቅ ጎራ ብዬ ነበር። ዛሬ የሚሸጠው የተዘጋጀ ሱሪና ብርድ ልብስ ነው፤ ልጁ ያመጣለታል፣ እሱ ከበርጩማው ተቀምጦ ሰው ያናግራል።

«መጣህ?» አለኝ። «ከሳሹ።»

«ምስክር ነኝ እንጂ ከሳሽ አይደለሁም።»

«እሺ ምስክሩ። ምን ልስጥህ?»

«ለአበጀ ይህን ሁሉ እልልታ የሰጠው ሰው ለእኔ ያኔ ምን ሰጠኝ? ያው ሥራ ነው። ሙት አንሥቼ ተፈረደብኝ፣ ሙት አንሥቶ ተፈረደበት። ልዩነቱን ንገረኝ።»

ጢሙን ዳሰሰ። «አንተ አባትህን ያነሣሃቸው ለመሬትህ ነው፤ እሱ ለድልድይ።»

«ድልድዩ የታለ?»

«የለም። መሬቱስ?»

«ወሰዱት።»

«እንግዲያ እኩል ናችሁ» ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ አንድ ነገር ጨመረ። «ልንገርህ ፈንቴ፣ ያን ካኪ ኮት ታስታውሳለህ? አበጀ ሳያስለካ ነው የወሰደው። ትከሻው ሰፍቶት ነበር። እስኪያረጅ ድረስ ሰፍቶት ለበሰው። ለአንተ ልክህ ነበር።» እንዲህ ብሎ ያጽናናኝ መስሎታል። እኔ እዚያው ቆሜ እንደገና በኮቱ ቀናሁ።

በማግሥቱ ቅዳሜ ኅዳር ሚካኤል፣ ጽዋው በእኔ ቤት ነው። ምራቴ ጠላውን አሳምራ ጠምቃለች፣ ድፎው እንደ ሙሽራ ተሸፍኖ ገባ። የሚቀጥለው ተረኛ አበጀ ነበር። በእኛ ደንብ ማብቂያው ላይ ተረኛው ተነሥቶ ጽዋውን ከሙሴው እጅ ይቀበላል፣ ማኅበርተኛው እስከ ደጅ በእልልታ ይሸኘዋል። በእሱ ቦታ ሚስቱ እናኑ መጥታ ከጥግ ተቀምጣለች። አገር ሁሉ ያፈረባት ሳይሆን ያከበራት ሴት መስላ፣ ነጭ ለብሳ። ቄስ ምስጋናው ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፣ ስም ግን አይስቱም። ዳቦውን ባርከው ሕያዋኑን ጠሩ፣ ሙታኑን ጀመሩ። «ካሴ?» ሲሉ ቤቱ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«አለ» አልሁ።

«በሥጋ ነው በነፍስ?» አለ ከበሩ አጠገብ የተቀመጠው ጥጋቡ፣ አፈኛው። ሰው ጠላውን ተፍቶ ሳቀ።

ማብቂያው ላይ እናኑ ነጠላዋን መስቀልያ አጣፍታ ተነሣች። እኔ ጽዋው ላይ እጄን ጫንሁበት።

«ተቀመጪ እናኑ። ከተፈረደበት ሰው ቤት ጽዋ አይገባም።»

«ይህን ሕግ ማን አወጣው?» አለ ጥጋቡ።

«እኔን የዘለለኝ ሕግ ነው። ያኔ ሁላችሁም፣ ወይ አባቶቻችሁ፣ እዚህ ነበራችሁ። ለእኔ የሠራ ለአበጀም ይሠራል።»

ቄስ ምስጋናው ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። «አንተ ፈንቴ፣ ጽዋው መቼ ነው የዘለለህ?»

«ታስሬ ሳለሁ ነዋ አባ! ተራዬን አበጀ አልወሰደም?»

«አነሣ እንጂ አልወሰደም። ዳቦውን የባረክሁት እኔ ነኝ። ‹የፈንቴ ዳቦ› ብዬ ነው የባረክሁት።»

እናኑ ከቆመችበት ሳትነቃነቅ ተናገረች። «አያ ፈንቴ፣ ያን ዳቦ የደፋሁት እኔ ነኝ። ስመኝ ነፍሷን ይማር የአሥር ቀን አራስ ነበረች፣ በቤቷ እፍኝ ዱቄት የለም። ‹ፈንቴ ተዘለለ እንዳይባልብኝ› ብላ አለቀሰች። አበጀ ‹በስሙ አነሣዋለሁ፣ ተራው የእሱ ነው› አለ። የሚቀጥለው ወር የራሱ ነበር፤ ሁለት ወር ተከታትሎ ደገሰ። እሷ ሳትነግርዎት ቀረች?»

ልትነግረኝ ነበር። «ታዲያ…» ብላ የተወችው ይህን ነው። አርባ ስንት ዓመት በአፏ ይዛው ኖራ ይዛው ተቀበረች፣ እኔ አፏን ስለዘጋሁት።

ይህን ስሰማ ልቤ ተለሰለሰ ብላችሁ አትጠብቁ። የባሰ ቀናሁ። ኮቱን ወሰደ፣ የዜማ ድምፅ ተሰጠው፣ የሠርጌን እልልታ ወሰደ፣ ተፈርዶበት እንኳ ተወደደ። አንድ የቀረችኝ ነገር በደሌ ነበረች። «አበጀ በድሎኛል» የምላት፣ ስተኛ የምታቀፋት፣ ያችንም በሰው ፊት ነጠቀኝ። «ብያችኋለሁ እንግዲህ፣ ጽዋው አይወጣም» ብዬ እጄን ከላዩ ሳላነሣ ቀረሁ። ጀምበር ሳትዘቀዝቅ አንድ በአንድ እየተነሡ ሄዱ፣ «እግዜር ይስጥልን» እንኳ ያለኝ ቄሱ ብቻ ናቸው። እናኑ ከሁሉም ኋላ ወጣች። ምራቴ ብርጭቆውን ስትሰበስብ አታየኝም።

በማግሥቱ እሑድ ማለዳ ደወል ሲደወል ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ገባ፤ እኔ ቀረሁ። ጽዋውን በነጩ መሸፈኛው ጠቅልዬ ከኩታዬ ሥር ሸሸግሁና በጤፉ ማሳ ዳር፣ ሰው በማይሄድበት በኩል፣ ወደ አበጀ ቤት ወረድሁ። ቅዳሴ ሰዓት የመረጥሁት አውቄ ነው። ጽዋው ከገባ ይግባ፤ እልልታው ግን እንዲቀርበት። በጓሮ አጥር ሽንቁር ገባሁ፤ በዕድሜዬ እንደ ሌባ ሰው ቤት ስገባ የመጀመሪያዬ ነው። እናኑ ከደጅ ተቀምጣ የእስር ቤት ስንቅ በስልቻ ትቋጥር ነበር። ስታየኝ ብድግ አለች።

«አያ ፈንቴ! በደህና ነው በጓሮ?»

«ተቀበይኝ» ብዬ ጽዋውን ሰጠኋት። በሁለት እጇ ተቀብላ ግንባሯን አስነካችው። አፏን ለእልልታ ስትከፍት አየሁና «ተይ፣ ዝም በይ» አልኋት። ዘጋችው። «እሱ ዘንድ ልትሄጂ ነው?»

«ከቅዳሴ በኋላ መኪና አለ። ምን ልበልልዎ?»

ይቅርታ በይልኝ ለማለት አስቤ ነበር፣ በመንገድ ላይ እየደጋገምሁ ስለማመደው ነው የመጣሁት። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው። «ሙቱን ሁሉ ሲጠይቅ እኔን ፊርማ ያልጠየቀኝ ለምንድን ነው? ይህን ጠይቂልኝ።»

ፊቷ ሲፈታ አየሁት። «ይህንማ እኔም ጠይቄው ነበር። ሁለት ጊዜ እስከ ደጅዎ መጥቶ ተመልሷል። ‹ፈንቴን እፈራዋለሁ፤ ሙት እምቢ አይልም፣ እሱ ግን እምቢ ይለኛል› አለኝ።»

«ፈራኝ?»

«ፈራዎት እንጂ። ዕድሜውን ሙሉ።»

አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። አበጀ እኔን ፈርቶ ከደጄ ተመለሰ! ያ ኮት ካመለጠኝ ወዲህ እንዲህ ያለ ደስታ አላገኘኝም። ስልቻዋን አንሥቼ እስከ በሩ አደረስሁላትና «በይ ለሚመጣው ሚካኤል ጠላውን እንዳታቀጥኚው» ብያት በዋናው በር ወጣሁ፤ በጓሮ መመለስ አልፈለግሁም። ደጃቸው ላይ ቀንበር ተገትሯል፤ አልነካሁትም። መንገዱ ላይ ትንሽ እንደራቅሁ እናኑ ከኋላዬ እልል አለች። ብቻዋን ነበረች፣ ግን ድምፅዋ ለአሥር ሰው ይበቃል። ለጽዋው ይሁን ለባሏ ይሁን ዞሬ አልጠየቅኋትም። የእኔ ነው ብዬ ይዤው ሄድሁ።